ከጭልጋ የመጣው የሚነድ ድንጋይ፦ ነዳጅ አለን ማለት ነውን?

የአይከል ልጅ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የዛሬ ሁለት ሳምንት ከጭልጋ ሲመጣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ጥቁር ድንጋይ ይዞልኝ መጣ። ድንጋዩ ከአይከል ወጣ ብሎ ክረምቱ በሸረሸረው የወንዝ ዳርቻ የተገኘ ነው፤ እንደ አሮጌ ብራና ቅጠሎች በስስ በስሱ የተነባበረ፣ በቢላ ጫፍ ሲፋቅ ቡናማ ዱቄት የሚያወጣ፣ ከመጠኑ አንጻርም ቀለል የሚል ነው። እናታችን ለቡና ከሰል ባቀጣጠለችበት ሰዓት ወንድሜ አውራ ጣት የምታህል ስባሪ ፍሙ ላይ አኖረ። ስባሪዋ መጀመሪያ ተንጣጣች፤ ጥቂት ቆይቶ ጠርዟ ቢጫ ነበልባል ያዘ፤ ጥቀርሻ የበዛበት ጢስ ወጣና ቤቱ ኩራዝ እፍ ተብሎ ሲጠፋ የሚሸተውን ሽታ ሸተተ። እናታችን «ቡናዬን አታበላሹብኝ» ብላ በጉጠት አንሥታ ደጅ ጣለቻት። ማታ ወጥቼ ሳያት ነጣ ብላ ነበር እንጂ አልፈረሰችም፤ ንብብሯም እንዳለ ነበር።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ሐሳቤ ከዚህ ድንጋይ አልተላቀቀም። እንዳነበብሁት «ኦይል ሼል» የሚባል ነዳጅ የሚወጣበት ድንጋይ አለ፤ አሜሪካ ብቻዋን በትሪሊዮን በርሚል የሚቆጠር እንዳላት ይነገራል። ዓለም ለነዳጅ ይህን ያህል ሲጨነቅ እንዲህ ያለ ሀብት ለምን መሬት ውስጥ እንደ ተተወ ግን አልገባኝም። የምታውቁ ሰዎች፣ ይህ ድንጋይ በእውነት ምንድን ነው? ታሪኩስ እንዴት ነው? የእኛ ድንጋይ ከዚያ ወገን ሊሆን ይችላል?

የንብብር ድንጋይ መምህር (ጎንደር)

የአይከል ልጅ፣ ስባሪዋ ነድዳ ንብብሯ እንዳልፈረሰ አስተውለህ መጻፍህ ብዙ ይናገራል። ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ስሙን ላጥራ። «ሼል» የሚለውን ቃል በከተማችን ስንሰማ ቶሎ ትዝ የሚለን የነዳጅ ማደያ ነው፤ የድንጋዩ ስም ግን በፊደላችን ከማደያው ስም ጋር ተመሳሰለ እንጂ ዝምድና የለውም። ሼል ማለት በጥንታዊ ሐይቅ ወይም ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ደቃቅ ጭቃ ተጭኖና ጠጥሮ የሆነው፣ በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ አለት ነው። ያ ጭቃ ሲጠራቀም አልጌና ሌሎች ደቃቅ ሕያዋን ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ ሳይበሰብሱ አብረውት ከተቀበሩ፣ አለቱ ኦይል ሼል ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ቢጨመቅ አንዲት ጠብታ ዘይት አይወጣውም። በውስጡ ያለው ከሮጅን የሚባል፣ እንደ ደረቀ ሙጫ ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀ ጠጣር ነገር ነው። ምድር ራሷ ይህን አለት ሁለት፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀብራ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ብታሞቀው ኖሮ ከሮጅኑን ወደ ነዳጅ ትለውጠው ነበር፤ ኦይል ሼል ያ ሙቀት ሳይደርሰው የቀረ ነው። ስለዚህ የቀረውን ማብሰል በሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ከዚህ ድንጋይ ነዳጅ ለማውጣት የሞከሩ አገሮች ሁሉ የተፈተኑትም በዚሁ ሸክም ነው።

አበሳሰሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ድፍድፍ» የሚለውን ቃል ከጠላና ከአረቄ ቤት አምጥተን ለነዳጅ እንደ ሰጠነው ሁሉ፣ አሠራሩንም ከአረቄ አወጣጥ መረዳት ይቻላል። አረቄ የምታወጣ እናት ድፍድፉን በማሰሮ ጥዳ አፉን በሊጥ ትመርገዋለች፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። ኦይል ሼልም ተፈጭቶ አየር በማይገባበት ምድጃ እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል፤ ከሮጅኑ ተሰባብሮ የዘይት እንፋሎትና ጋዝ ይሆናል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይት ይወርዳል። አየር ከገባ ግን እንደ እናትህ ምድጃ ይነድዳል እንጂ አይፈስም። ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች እንጨቱን በአፈር የሚደፍኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታሪኩ ከምናስበው ይረዝማል። የእንግሊዝ ዘውድ ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ቅጥራንና ዘይት ለማውጣት መንገድ አገኘን ላሉ ሦስት ሰዎች የባለቤትነት መብት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1694 ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በኢንዱስትሪ ደረጃ ግን ሥራው በ1838 በፈረንሳይ ኦተን በምትባል ከተማ አካባቢ ተጀመረ፤ ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ ጄምስ ያንግ የተባለ የስኮትላንድ ኬሚስት ከድንጋይ ከሰል በዝግታ በማሞቅ የመብራት ዘይትና ፓራፊን ሰም የማውጣት መብቱን አስመዘገበ። የዚያ ዘመን ጥያቄ የመኪና ነዳጅ አልነበረም፤ ማታ ማታ ምን እናብራ የሚል ነበር። እናቶቻችን በኩራዝ ያነደዱት ላምባ በወገኑ ያው ያንግ ከድንጋይ ያወጣው የመብራት ዘይት ነው።

የመተማ መስመር ሹፌር (አዘዞ)

መምህር፣ ስለ ማብራሪያው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር አልተስማማኝም። እኔ በመተማ መስመር የጭነት መኪና ስነዳ 20 ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ዓመት አዘዞ አንድ ማደያ ደጅ ላይ ናፍጣ ስጠብቅ ሦስት ሌሊት መኪናዬ ውስጥ አድሬያለሁ፤ የጫንሁት ሽንኩርት በጀርባዬ ሲበሰብስ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። እንዲህ ያለ መከራ ላየ ሰው «ድንጋዩ ነዳጅ አይደለም» የሚለው ቃል መራራ ነው። አሜሪካ በዚሁ በሼል የተነሣ የዓለም አንደኛ ነዳጅ አምራች ሆናለች ሲባል በዜና እንሰማለን። እነርሱ ከቻሉ እኛ የማንችልበት ምክንያት ምንድን ነው?

የንብብር ድንጋይ መምህር (ጎንደር)

ወንድሜ፣ ያሳለፉት ይገባኛል፤ ጥያቄዎም ተገቢ ነው። ዜናው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል።

አሜሪካን አንደኛ ያደረጋት የበሰለው ነው። በቴክሳስ በፐርሚያንና በኢግል ፎርድ፣ በሰሜን ዳኮታ ደግሞ በባከን የሚገኘው ነዳጅ ምድር ራሷ አብስላ የጨረሰችው ፈሳሽ ነዳጅ ነው፤ ችግሩ ያለበት አለት እጅግ ጥብቅ ስለሆነ ወደ ጉድጓዱ አለመፍሰሱ ነበር። መሐንዲሶች ጉድጓዱን ወደ ታች ቆፍረው አለቱ ውስጥ ሲደርሱ በአግድም ያስኬዱታል፤ ከዚያ ውሃና አሸዋ በከፍተኛ ግፊት ልከው አለቱን ይሰነጥቁታል፤ አሸዋው ስንጥቁ እንዳይዘጋ ደግፎ ሲይዘው ነዳጁ ይወጣል። በዚህ ዘዴ የአሜሪካ የድፍድፍ ምርት በ2008 በቀን 5 ሚሊዮን በርሚል ገደማ ከነበረበት በ2019 ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

የአይከል ልጅ ያነበበው የትሪሊዮን ቁጥር ግን የሌላው ነው። በኮሎራዶ፣ በዩታና በዋዮሚንግ የተዘረጋው ግሪን ሪቨር የሚባለው አለት ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በነበሩ ታላላቅ ሐይቆች ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው፤ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም በዚያ ውስጥ ከ4 ትሪሊዮን በርሚል በላይ የሚሆን ዘይት እንዳለ ገምቷል። ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ይገባል፤ «በቦታው አለ» ማለት «ክምችት ነው» ማለት አይደለም። በነዳጅ ሙያ ክምችት የሚባለው በዛሬ ዘዴና በዛሬ ዋጋ አውጥተው ሸጠው የሚያተርፉበት ብቻ ነው። ከግሪን ሪቨር አለት እስካሁን በንግድ ደረጃ ዘልቆ የቆመ ምርት የለም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሀብት ነው።

ሙከራው ሳይደረግ ቀርቶም አይደለም። የ1973 እና የ1979 የነዳጅ ዋጋ ንረት አሜሪካንን ባስደነገጣት ጊዜ ኩባንያዎች ወደ ምዕራብ ኮሎራዶ ጎረፉ። ኤክሶን ኮሎኒ በተባለው ፕሮጀክት ገብቶ ፓራሹት በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ለሠራተኞቹ ባትልመንት ሜሳ የሚባል አዲስ ከተማ ጭምር ማነጽ ጀመረ። ከዚያ ወጪው እየናረ፣ የነዳጅ ዋጋ ግን እየወረደ ሄደ፤ ሜይ 2 ቀን 1982፣ በዕለተ እሑድ፣ ኩባንያው ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። ከ2,000 በላይ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሥራ አጡ፤ የአካባቢው ሰው ያን ቀን እስከ ዛሬ «ጥቁር እሑድ» ይለዋል። ድንጋዩ ያን ዕለትም እንደ ትናንቱ እዚያው ነበር፤ ከ4 ትሪሊዮኑ አንድም በርሚል አልጎደለም። የተለወጠው በገበያ ያለው ዋጋና ድንጋዩን ለማብሰል የሚያስፈልገው ወጪ ብቻ ነው።

ከጎንደር ወደ ኤዲንብራ

መምህር የጄምስ ያንግን ስም ሲያነሡ ዝም ማለት አልቻልሁም። ቀበሌያችን እዚያው ጎንደር ቢሆንም አሁን የምኖረው በስኮትላንድ ነው፤ ከኤዲንብራ ወደ ምዕራብ ለሥራ በምመላለስበት መንገድ ግራና ቀኝ ቀይ ኮረብታዎች አሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ቀያቸው የአገራችንን አፈር አስታውሶኝ የተፈጥሮ ተራራ መስለውኝ ነበር። ቀርቤ አንዱን ስወጣ ግን ከእግሬ በታች የሚንሸራተተው እንደ ገል ስባሪ የተንኳተተ፣ በምጣድ እንደ ተቆላ ቀይ ድንጋይ ሆነ። ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የተጣለ ሼል ነው። ሰዉ «ቢንግ» ይላቸዋል፤ በዌስት ካልደር አጠገብ ያሉት አምስቱ ጎን ለጎን ስለቆሙ «አምስቱ እኅትማማቾች» ተብለው እንደ ቅርስ ይጠበቃሉ።

ያንግ በ1851 በባትጌት የከፈተው ፋብሪካ መጀመሪያ የሚጠቀመው ቶርባናይት የሚባል ዘይቱ የበዛ የድንጋይ ከሰል ነበር፤ ያ ሲያልቅ ወደ ሼሉ ዞሩ። የመብቱ ዘመን በ1864 ሲያበቃ ደግሞ ብዙ ኩባንያዎች ገቡ። በ1859 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ድሬክ የተባለው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ነዳጅ ካገኘ በኋላ ርካሹ የአሜሪካ ዘይት ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ስኮትላንዶች ለምን ወዲያው እንዳልጠፉ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ አስደነቀኝ። እነርሱን ያቆያቸው ዘይቱ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያው ምድጃ ለሻማ የሚሆን ሰምና ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን አሞኒየም ሰልፌት ያወጡ ነበር። ከአንድ ድንጋይ ሦስት ዕቃ በመሸጥ እስከ 1913 ድረስ አደጉ፤ በዚያ ዓመት ያወጡት ድንጋይ ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የፋርስ ነዳጅ በመርከብ መምጣት ሲጀምር ወደ ኋላ ሄዱ፤ መንግሥት በቀረጥ ደግፏቸው እንኳ በ1962 የመጨረሻው ሥራ ተዘጋ።

ሊቪንግስተን ያለው የዚህ ኢንዱስትሪ ሙዚየም ውስጥ የቆዩ የማዕድን ሠራተኞች መብራቶችን አይቻለሁ። መብራቱ የሚነድደው እነርሱ ራሳቸው ከቆፈሩት ድንጋይ በወጣ ዘይትና ሰም ነበር።

የደምቢያ ልጅ

ጋሼ ሹፌሩ ሦስት ሌሊት ደጅ ማደርዎ እጅግ ያሳዝናል። እኔ ግን የማስበው ስለ ውሃው ነው። ድንጋዩን ለመፍጨት፣ ለማብሰልና አመዱን ለማቀዝቀዝ ውሃ አያስፈልግም ወይ? በጎንደር ከተማ በፈረቃ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ በጀሪካን የምናጠራቅም ሰዎች ነን፤ እኛ ደግሞ በታች ያለን የመገጭን ውሃ ተማምነን የምንኖር ነን። ጣናስ ምን ይሆናል?

የንብብር ድንጋይ መምህር (ጎንደር)

እኅቴ፣ ዋናውን ነገር አነሣሽ። ለግሪን ሪቨር በተሠሩ ግምቶች ለአንድ በርሚል ዘይት ከ1 እስከ 3 በርሚል ውሃ እንደሚያስፈልግ ይጠቀሳል፤ በዚያ በረሃማ አገር የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ አስቀድሞ በግዛቶች መካከል የተከፋፈለ ስለሆነ፣ የውሃው ጉዳይም ለሥራው ከባድ እንቅፋት ነው። አንድ እርማት ግን ልጨምር፤ የጭልጋ ዋና ወንዝ ጓንግ ወደ ጣና አይወርድም፤ ወደ ምዕራብ ፈስሶ ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለው ነው። ስለዚህ እዚያ የሚደርስ ብክለት የሚነካው የመተማን ቆላ፣ ከዚያም የጎረቤት አገርን ሕዝብ ነው።

ድንጋዩ በስፋት የሠራበትን አገር ማየት ከፈለጋችሁ ኢስቶኒያን ተመልከቱ። በቋንቋቸው የድንጋዩ ስም ራሱ «የሚነድ ድንጋይ» ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የያኔዋ የሩሲያ ዋና ከተማ ፔትሮግራድ ማገዶ ሲያጥራት በ1916 ቋሚ ቁፋሮ ተጀመረ፤ በሶቪየት ዘመን ደግሞ ናርቫ አጠገብ ድንጋዩን ፈጭተው እንደ ከሰል የሚያነድዱ ታላላቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተሠሩ። በ1980 ያወጡት ድንጋይ 31 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር፤ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ለማይበልጥ አገር ይህ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ለረጅም ዓመታት ከኤሌክትሪካቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚህ ድንጋይ ነበር። ድንጋያቸው ኩከርሳይት ይባላል፤ በዓለም ካሉት እጅግ ከበለጸጉት አንዱ ነው፤ ሽፋኑም 2.5 እስከ 3 ሜትር ውፍረት አለው። እንዲያም ሆኖ ከሚያነድዱት ግማሽ ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ የአመዱ ተራራ ሜዳማ በሆነው አገራቸው ከሩቅ ይታያል፤ ከአንድ ዩኒት ኤሌክትሪክ የሚወጣው የካርቦን ጋዝም ከድንጋይ ከሰል ይብሳል። የአውሮፓ ኅብረት በካርቦን ላይ የጣለው ዋጋ ሲከብድ አገሪቱ ከድንጋዩ ኤሌክትሪክ ማመንጨትን እስከ 2035 ልታቆም አቅዳለች።

ቻይና ፉሹን ላይ የሆነው ደግሞ ለእኛ ለጭልጋ ሰዎች የተለየ ትምህርት ያለበት ይመስለኛል። እዚያ ሼሉ በወፍራም የድንጋይ ከሰል ላይ እንደ ክዳን ተኝቷል። ጃፓኖች ማዕድኑን በያዙበት ዘመን ከሰሉን ለማውጣት ሼሉን መንቀል ግዴታ ስለነበረባቸው የቁፋሮው ወጪ በከሰሉ ተሸፈነ፤ በ1930 ገደማ ከተነቀለው ሼል ዘይት ማውጣት ጀመሩ። ድንጋዩ ራሱ ወጪ ሳይጠይቅ እጅ ላይ የደረሰበት ቦታ ስለሆነ ሥራው ከሌሎቹ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

በቅርብ ያለችው ዮርዳኖስ ነዳጅ የሌላት አገር ስለሆነች ከአማን በስተደቡብ በአታራት 470 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በቻይና ገንዘብ አሠርታ ድንጋዩን በቀጥታ ታነድዳለች፤ ሆኖም የኤሌክትሪኩ ዋጋ እጅግ ተወደደ በሚል ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ሄዷል። ለእኛ ውሃ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጭልን ድንጋይ ማንደድ የሚታሰብ አይደለም።

የመተማ መስመር ሹፌር (አዘዞ)

መምህር፣ እስኪ በእኔ ሚዛን ላስላው። አንድ ሲኖትራክ 20 ቶን ድንጋይ ቢጭን ስንት ሊትር ይገኝበታል? ለጦርነት ጊዜስ ቢሆን አይጠቅምም? አገር በሯ ሲዘጋ ውድ የሆነ ነዳጅ ከምንም ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ።

የንብብር ድንጋይ መምህር (ጎንደር)

በግሪን ሪቨር ጥሩ የሚባለው ድንጋይ ከአንድ ቶን 100 ሊትር ያህል ዘይት ይሰጣል። ስለዚህ አንዱ ሲኖትራክ 2,000 ሊትር ገደማ ያስገኛል፤ አንድ በርሚል 159 ሊትር ስለሆነ ከ12 እስከ 13 በርሚል መሆኑ ነው። ያም ገና መጣራት ያለበት ድፍድፍ እንጂ ታንክዎ ውስጥ የሚገባ ናፍጣ አይደለም። ከዚያው ጭነት ከ16 ቶን ያላነሰ የተቃጠለ ድንጋይ ይቀራል፤ እርሱን መልሰው ጭነው የሚጥሉበት ቦታ መፈለግ አለብዎ። ድንጋዩ ተፈጭቶ ሲበስል ስለሚያብጥ ከወጣበት ጉድጓድ ሞልቶ ይተርፋል። ከጎንደር ወደ ኤዲንብራ ያሉት እኅታችን የወጡት ቀይ ኮረብታ ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ 20 ቶን ድንጋይ እስከ 500 ዲግሪ ለማሞቅ ማገዶ ያስፈልጋል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ከዚያው ድንጋይ የወጣውን ጋዝና የቀረውን ከሰል መልሰው ያነድዱበታል።

ስለ ጦርነቱ ያሉት እውነት ነው፤ ታሪኩም ይመሰክርልዎታል። ስዊድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕሩ ሲዘጋባት በክቫርንቶርፕ ፋብሪካ ከፍታ ዘይት አወጣች፤ ሰላም መጥቶ ርካሽ ነዳጅ ሲገባ ግን መክሰር ጀመረችና በ1966 ዘጋችው። አውስትራሊያም ግሌን ዴቪስ በተባለ ሸለቆ በጦርነቱ ዋዜማ የጀመረችውን በ1952 አቆመች። የግሌን ዴቪሱን ፋብሪካ ፍርስራሽ ዛሬ ሰው እየሄደ ይጎበኘዋል። ለችግር ቀን መጠባበቂያ መሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ እኔም አልቃወምም፤ ለዚያ ግን ድንጋዩ የት፣ ምን ያህል ውፍረት፣ በቶን ስንት ሊትር እንዳለው ችግሩ ሳይመጣ በፊት ተለክቶ መታወቅ አለበት። በአገራችን ኦይል ሼል መኖሩ የታወቀው በደቡብ ምዕራብ በያዩና በደልቢ ሞዬ ከድንጋይ ከሰል ጋር ተነባብሮ፣ እንዲሁም በትግራይ ነው።

የአይከል ልጅ፣ ወደ አንተ ድንጋይ ልመለስ። ንብብሩ ነድዶ ካልፈረሰ የድንጋይ ከሰል ሳይሆን ሼል ሊሆን ይችላል፤ የድንጋይ ከሰል የሚባለው ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚነድድ ነገር ያለበት ነውና። የሚቻል ከሆነ ስባሪውን በሱቅ ሚዛን መዝነህ፣ ደጅ በነፋስ በኩል ሆነህ ጢሱ እስኪያቆምና ነጭ እስኪሆን አንድደህ መልሰህ መዝነው። በቆርቆሮ ዘግተህ ግን እንዳታሞቀው፤ የታመቀው ጋዝ ዕቃውን ያፈነዳዋል፣ ጢሱም መርዛማ ነው። ለዘይቱ መጠን 100 ግራም የሚሆነውን ፈጭቶ በትንሽ የአሉሚኒየም ምድጃ 500 ዲግሪ አድርሶ የሚለካ ፊሸር የሚባል የላቦራቶሪ መለኪያ አለ፤ ያ በባለሙያ የሚሠራ ነው። ወንድምህ ሲመለስ ደግሞ የሽፋኑን ውፍረት፣ ከላዩና ከሥሩ ምን እንዳለ ይለካልኝ።

የአይከል ልጅ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

መምህር፣ ያሉኝን አደረግሁ። ጎረቤታችን ካለው የእህል ሱቅ 400 ግራም አስመዘንሁ፤ ግቢ ውስጥ ከሰል አያይዤ ግማሽ ቀን ያህል አነደድሁት። ሲበርድ የቀረው 290 ግራም ሆነ። ቀለሙ ከጥቁር ወደ ሐመልማል ግራጫ ተለውጧል፤ በጥፍር ስነካው እንደ ቆሎ ይንኳተታል።

ወንድሜም ቅዳሜ ገበያ ሲመለስ ስልክ ደወለልኝ። ጥቁሩ ሽፋን የአንድ ስንዝር ውፍረት ብቻ አለው፤ ከላዩ ነጭ ሸክላ አፈር፣ ከሥሩ ደግሞ በእጅ የሚፈረፈር ከሰል አለ ይላል። ድንጋዩን በስለት ሲሰነጥቀው በሁለቱ ገጽ መካከል የቅጠል ምስል አገኘ። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ መሐል አከርካሪው፣ ከግራና ከቀኝ የሚወጡት ጅማቶቹ፣ ጫፉ ላይ ነፍሳት የበላው የሚመስል ክብ ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ይህን እንዴት ትተረጉሙታላችሁ?

የንብብር ድንጋይ መምህር (ጎንደር)

ከ400 ግራም 290 ከቀረ ከክብደቱ ከ100 ውስጥ 72 ያህሉ ማዕድን ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሰል አይደለም፤ የዕፅ ቅሪት የበዛበት ሼል ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች የነዳጅ ተስፋውን ያሳንሱታል። አንደኛው ውፍረቱ ነው፤ የኢስቶኒያው 3 ሜትር ገደማ ሆኖ እንኳ በወጪ ከተፈተነ፣ አንድ ስንዝር የሆነ ሽፋን ላይ ማሽን ማሰማራት አይቻልም። ከሥሩ ያለው ከሰል እንደ ፉሹን ወፍራም ሆኖ የሚቆፈር ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሌላ መልኩ ይታይ ነበር። ሁለተኛው ወንድምህ ያገኘው ቅጠል ነው። እጅግ ብዙ ዘይት የሚሰጠው ከሮጅን ከሐይቅ አልጌ የተገኘው ነው፤ ከየብስ ዛፍና ቅጠል የተገኘው ግን ሲሞቅ ዘይቱ ጥቂት፣ ጋዙና ከሰሉ ብዙ ነው። ድንጋይህ የቆየ ደን እንደ ነበረ ቅጠሉ ራሱ ይነግረናል።

የጭልጋ ንብብር በሳይንስ ዓለም የታወቀው ግን በነዳጅ አይደለም። ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከእነዚሁ ሽፋኖች የዝሆን ቀደምት ዘመዶችና በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው አርሲኖይቴሪየም የሚባል እንስሳ ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። አፍሪካ ከእስያ ጋር በየብስ ሳትገናኝ የነበሩ እንስሳት ምን ይመስሉ እንደ ነበር ከሚያሳዩ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ወንድምህ ከዚህ በኋላ ምንም እንዳይቆፍር፤ ቦታውን በምልክት ይዞ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። የቀረውን ጥቁር ስባሪ ለመለኪያ አምጡልኝ፤ ቅጠሉ ያለበትን ግን እባካችሁ አታንድዱት።

የአይከል ልጅ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

እሺ መምህር። ወንድሜ ሁለቱን ገጾች መልሶ ገጥሞ በጥጥ ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል፤ ሰኞ ወረዳ ይዟቸው ይሄዳል። ጥቁሩን ስባሪ እኔ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ እርስዎ አመጣለሁ፤ 2 ኪሎ ያህል ይሆናል።